መላ እና ምሕንድስና፤ ፕሮግራም የሚጻፍባቸው ሁለት መንገዶች

በሚዛን ተፈሪ ከተማ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንደኛው፥ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ የሠራተኞችን ዝርዝር የሚይዝ አንድ ፕሮግራም ነበር። የሠራው በቅጥሩ የሒሳብ ሠራተኛ፥ በፍቅሩ ግን የኮምፒዩተር ሰው የሆነ አንድ ወጣት ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም የትርፍ ሰዓት አልከፈለውም። ጸሐፊዋ በየወሩ መጨረሻ የሠራተኛውን ብዛት በየወረዳውና በየዞኑ ለመደመር ሁለት ቀን ሙሉ ስትደክም ተመለከተና፥ ሁለት ቅዳሜ በቢሮ ተቀምጦ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ቀመር አበጀላት። ከዚያ ወዲያ የሁለት ቀኑ ሥራ በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ሆነ። ወጣቱ ተመሰገነ፤ ምስጋናውም የሚገባው ነበር።

ቆይቶ ወጣቱ ተዛውሮ ሄደ። የቤንች ማጂ ዞንም ለሁለት ተከፍሎ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተባለ። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ካፋን፥ ሸካን፥ ቤንች ሸኮን፥ ዳውሮን፥ ምዕራብ ኦሞንና ኮንታን ይዞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ፕሮግራሙ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። ወጣቱ የዞኑንና የክልሉን ስም በየቀመሩ ውስጥ፥ በሠላሳና በአርባ ቦታ፥ በቃሉ እንዳለ ጽፎት ነበርና፥ ጸሐፊዋ አዲሱን ስም ባስገባች ቁጥር ድምሩ ዜሮ እያለ ይመልስላት ጀመር። ለወጣቱ ስልክ ተደወለለት። ቅን ሰው ነውና ፋይሉ ይላክልኝ አለ፤ ከፍቶ ባየው ጊዜ ግን የራሱን ቀመር ራሱ ሊያነበው አልቻለም። ጸሐፊዋም ወደ ወረቀቷና ወደ ሁለት ቀን ድካሟ ተመለሰች።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ ይህ ወጣት ጥፋተኛ ነው ትላላችሁን? እኔ አልልም። በሁለት ቅዳሜ የሌላውን ሰው የብዙ ወራት ድካም ያቃለለ ሰው ወቀሳ አይገባውም። ነገር ግን የሠራው ነገር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር ዓለም ፕሮግራም የሚጻፍባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ፈረንጆቹ አንደኛውን ሀኪንግ፥ ሁለተኛውን ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ይሏቸዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን መላ፥ ሁለተኛውን ምሕንድስና እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ሀኪንግ የሚለውን ቃል ስትሰሙ በሰው የባንክ ሒሳብ ውስጥ በስውር የሚገባ ሌባ ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። ጋዜጣውና ራዲዮው ቃሉን ያስለመዱን በዚህ ትርጉም ነው። ትውልዱ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ አገር፥ ኤም አይ ቲ በሚባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ፥ ትንንሽ የባቡር ሞዴሎችን የሚሠሩ ተማሪዎች ክበብ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ እነዚህ ልጆች ሽቦንና ማብሪያ ማጥፊያን በማገናኘት ማንም ያላሰበውን ብልሃት ሲያገኙ “ሀክ” ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ፒ ዲ ፒ ዋን የተባለ ኮምፒዩተር ለተቋሙ በስጦታ ሲመጣ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጡ መረመሩት፤ በ1962ም ሁለት መንኮራኩሮች የሚታኮሱበትን “ስፔስዋር” የተባለ ጨዋታ ሠሩበት። አለቃ አልነበራቸውም፤ የተቆረጠ ቀንም አልነበራቸውም። የገፋፋቸው “ይህ ነገር ይቻል ይሆን?” የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ ሰው ሲቸግረው “እስቲ መላ ምታ” የሚባለውን ይመስላል፤ ቃሉን የመረጥሁትም ስለዚህ ነው።

ምሕንድስናው ግን የተወለደው ከጭንቀት ነው። በ1960ዎቹ ኮምፒዩተር ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደ ባንክ፥ ወደ አየር መንገድና ወደ ጦር ሠራዊት ገባ። ፕሮግራሞቹ ተለቁ፤ ከተባለላቸው ጊዜ ዘገዩ፤ ከተመደበላቸው ገንዘብ በላይ ፈጁ፤ ከዚያም በኋላ ስሕተት ሞልቶባቸው ተገኙ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር ወር 1968 የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ያዘጋጀው አንድ ጉባኤ በጀርመን አገር በጋርሚሽ ከተማ ተሰበሰበ። ለጉባኤው የተመረጠው ርእስ “ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ” የሚል ነበር። አዘጋጆቹ ስሙን የመረጡት ሆነ ብለው ለመጎንተል ነው፤ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ አስቀድሞ ይለካል፥ ይፈትናል፥ ይመዘግባል፤ ፕሮግራም ጸሐፊስ ለምን አያደርግም ለማለት። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1969፥ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሲወርድ ኮምፒዩተሩ ከአቅሙ በላይ ሥራ ተጫነበትና የማስጠንቀቂያ ምልክት ያሰማ ጀመር። ማርጋሬት ሐሚልተን የሚመሩት ቡድን የጻፈው ፕሮግራም ግን ለእንዲህ ያለው ቀን አስቀድሞ የታሰበበት ነበርና፥ ታናሹን ሥራ እየተወ ለማረፊያው የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ቀጠለ። ሐሚልተን ይሠሩ የነበሩትም በዚያው በኤም አይ ቲ ነው። ሁለቱ መንገዶች የአንድ ግቢ ልጆች ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ በዕውቀት ብዛት አይደለም። እጅግ የተማረ ሰው መላ ሊመታ ይችላል፤ ያልተመረቀም ሰው እንደ መሐንዲስ ሊሠራ ይችላል። መላ የሚሠራው ዛሬ ላለው ችግርና በአጠገብ ላለው ሰው ነው። መሐንዲሱ ግን ገና ያልተቀጠረውን ጸሐፊና ገና ያልተቋቋመውን ዞን ጭምር ያስባል። የእኛን ወጣት ሠንጠረዥ እርሱ ቢያገኘው፥ የዞኖቹን ስም በአንድ ቦታ ብቻ ያኖርና ለእያንዳንዱ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀመሮቹ ሁሉ የሚጠሩት ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ስሙ የተለወጠ ዕለት የሚታረመው አንድ መስመር ይሆናል። ድምሩ አስቀድሞ በእጅ የታወቀ አነስተኛ ዝርዝርም ያዘጋጅና ፕሮግራሙን በነካካ ቁጥር በእርሱ ይፈትነዋል። ምን ለውጦ ለምን እንደለወጠ በቀን ይጽፋል። ይህ ሁሉ በሁለት ቅዳሜ ፈንታ አምስት ቅዳሜ ይወስድ ይሆናል፤ ሦስቱን ትርፍ ቅዳሜ የሚከፍል አለቃ ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ይህ ነገር የአንድ መሥሪያ ቤት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ ሁላችንንም ወደሚነካው ወደ ፊደላችን እንለፍ። የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባው በመላ ነው፤ የጸናው ግን በምሕንድስና ነው።

ችግሩ ከኮምፒዩተር በፊትም ነበረ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዙ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። የጽሕፈት መኪና ይህን ያህል ቁልፍ ሊኖረው አይችልም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነው። በኋላ በየቢሮው የምናያቸው መኪናዎችም ፊደሉን በቁርጥራጭ እየቀጠሉ ይጽፉ ነበር፤ አንዱ ቁልፍ ግንዱን ይመታል፥ ሌላው ቀለበቱን ወይም እግሩን ይለጥፍበታል። መልኩ ባያምርም ሥራው ሠርቷል። አንድ ትውልድ ማመልከቻውን የጻፈው በዚህ ነው።

የግል ኮምፒዩተር ሲመጣ ያው ጥያቄ በሌላ ልብስ ተመለሰ። የዚያን ጊዜው ኮምፒዩተር ለፊደል የሚሆን 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚህም የመጀመሪያዎቹ 128ቱ በላቲን ፊደል፥ በቁጥርና በልዩ ልዩ ምልክት የተያዙ ነበሩ። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ይሠሩ የነበሩት ኢንጂነር ፍሥሐ አጥላው “ዳሸን” የተባለውን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አወጡ። ከዚያ በኋላ አጋፋሪ፥ ቪዥዋል ግዕዝ፥ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም ተከታትለው መጡ። ብልሃቱ በአጭሩ ኮምፒዩተሩን ማታለል ነው። ማሽኑ በልቡ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፤ የፊደሉን መልክ የሚሥለው ፎንት ግን በዚያ ቦታ የእኛን ፊደል ይሥልለታል። ቦታው አልበቃ ሲል አንዳንዶቹ ፊደላቱን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፈሉ፤ አንዳንዶቹም እንደ ጽሕፈት መኪናው በቁርጥራጭ ቀጠሉ።

ይህን የሠሩ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ማንም ትልቅ ኩባንያ ለአማርኛ ደንታ ባልነበረው ጊዜ በራሳቸው ጉልበት አደረጉት። ዳሩ ግን ሁሉም በየራሳቸው መላ ስለመቱ፥ በአንደኛው ፎንት የ“ለ” የሆነው ቦታ በሌላው ፎንት የ“ሠ” ወይም የ“ጨ” ሆነ። አዲስ አበባ የተጻፈ ደብዳቤ ሚዛን ሲደርስና የተቀባዩ ኮምፒዩተር ሌላ ፎንት ሲኖረው፥ ደብዳቤው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት የተዘራበት ማሳ መስሎ ይታያል። ስም በፊደል ተራ እንዲደረደር ብታዙት ማሽኑ የሚደረድረው በላቲኑ ተራ ነው፤ እርሱ እስከሚያውቀው ድረስ የተጻፈው ላቲን ነውና። አንድ ቃል ፈልግልኝ ብትሉትም አያገኘውም።

በመካከሉ ደግሞ ሌላ ዓይነት መላ ነበረ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ “ሴራ” የተባለውን ሥርዓት አወጡ፤ ስሙ ያስደነግጥ ይሆናል እንጂ ተንኮል የለበትም፥ ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ የተወሰደ ምሕጻር ነው። የግዕዝ ፊደልን በኢሜይል ለመላክ እያንዳንዱን ፊደል በላቲን ሆሄ እንዴት እንደሚጽፉት የሚደነግግ ነው። ይህም መላ ነው፤ ነገር ግን ሕጉ በይፋ የተጻፈና ሁሉም ሊከተለው የሚችል ስለነበረ እግሩን ወደ ምሕንድስናው አሻግሯል። ዛሬ በስልካችሁ ላይ በላቲን ሆሄ “ሰላም” ብላችሁ ስትመቱ በግዕዝ ፊደል የሚወጣላችሁ የዚህ ዓይነቱ አሠራር ዘመድ ነው።

ቁርጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት ሁሉ መዝገብ በሦስተኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 መለያ ቁጥር ሰጠ። ኢትዮጵያውያን ባለሞያዎች ብዙ ዓመት ተከራክረውበታል፤ ከእነዚያ ከመላ መቺዎቹ መካከልም በዚህ ሥራ የተካፈሉ አሉ። የዩኒኮድ ትልቁ ሕግ አንድ ፊደል አንድ ጊዜ ቁጥር ከተሰጠው ቁጥሩ ለዘወትር አይለወጥም የሚለው ነው። ቢሻሻል፥ ቢጨመር እንጂ “ለ” ከተቀመጠበት አይነሣም።

በዚያው በሴፕቴምበር 1999 አሜሪካኖች ወደ ማርስ የላኩት አንድ መንኮራኩር ጠፋ። ምክንያቱን ባነበብሁ ጊዜ የእኛ የፎንት ነገር ትዝ አለኝ። ከሁለት ቦታ የተጻፉ ፕሮግራሞች የመንኮራኩሩን ግፊት ይለዋወጡ ነበር፤ አንደኛው ቁጥሩን በእንግሊዝ መለኪያ ይሰጣል፥ ሁለተኛው በሜትሪክ መለኪያ መስሎት ይቀበላል። ቡና ነጋዴ ለሆነ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ሻጩ “ሃያ” ሲል በፈረሱላ ነው፥ ገዥው የሰማው በኪሎ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና ክርክሩ የት እንደሚደርስ ታውቁታላችሁ። ቁጥሩ በሜትሪክ መለኪያ እንዲሰጥ የሚል የተጻፈ ስምምነት በመካከላቸው ነበረ፤ የጎደለው ስምምነቱ መጠበቁን መፈተን ነው።

አሁን ወደ ሚዛን እንመለስ። የቤንች ሕዝብ ቋንቋ ለቋንቋ ሊቃውንት ብርቅ ነው፤ ቃልን ከቃል የሚለዩ ስድስት የድምፅ ከፍታና ዝቅታዎች አሉት። ከዚህም በቀር ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፋ የምታወጣቸው ድምፆች አሉት፤ በአማርኛ ፊደል ልክ የሚሆን ምልክት አይገኝላቸውም። እ.ኤ.አ. በማርች 2005 በወጣው የዩኒኮድ እትም ለቤንችኛ አራት ቤቶች፥ እያንዳንዳቸው ሰባት ፊደል ያሏቸው፥ በድምሩ 28 ፊደላት ተመዘገቡ። የአራቱ መጀመሪያዎች እነዚህ ናቸው፤ ⶠ፥ ⶨ፥ ⶰ፥ ⶸ። በስልካችሁ ላይ ባዶ ሣጥን ብቻ ካያችሁ ፎንቱ ስላልተጫነ ነው፤ ፊደሉ ግን ቁጥሩን ይዞ በቦታው ተቀምጧል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ2008፥ ለቤንችኛ በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ አጻጻፍ ተመረጠ። ቀደም ሲል አዲስ ኪዳን በቤንችኛ የታተመው በግዕዝ ፊደል ላይ በተመሠረተ አጻጻፍ ነበር። ታዲያ የ28ቱ ፊደላት ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው? አንድ ባልደረባዬ “አየህ፥ መሐንዲሶችህ ቤቱን ሲጨርሱ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ሄደ” ብሎ ስቆብኛል። ቀልዱ እውነት አለው፤ ዝግ ብሎ የሚሠራ ሰው ሲደርስ ችግሩ ተለውጦ ሊጠብቀው ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ብዬ መለስሁለት፤ በዚያ አጻጻፍ የተጻፈውን የአባቶቹን ገጽ ወደ ኮምፒዩተር ሊያስገባ የሚፈልግ የቤንች ልጅ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቢነሣ፥ ፊደሎቹ ከነቁጥራቸው ይጠብቁታል። በመላ በተሠራ ፎንት ቢሆን ኖሮ ከፎንቱ ባለቤት ጋር አብረው በጠፉ።

ነገር ግን ሁሉን ለምሕንድስናው አሳልፌ መስጠት አልፈልግም። አማርኛ ለመጻፍ እስከ 1999 ቁጭ ብለን ዩኒኮድን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ፥ ዩኒኮድም የትኞቹ ፊደላት እንደሚያስፈልጉን ማንን ይጠይቅ ነበር? ይህን ያወቅነው መላ መቺዎቹ ስለሞከሩ፥ ስለወደቁና ስለተነሡ ነው።

ከሚዛን በስተ ደቡብ ያለውን የበበቃን ሰፊ የቡና ተክል ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ሊረዳው ይችላል። እዚያ ቡናው በመስመር የተተከለ፥ በዕድሜ የተለየ ነው። በሸካና በካፋ ጫካዎች ያለው ቡና ደግሞ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ፥ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ በለጋነቱ የሚያጠቁረው ሲ ቢ ዲ የተባለው በሽታ በአገራችን ታየና ብዙ ቡና አጠፋ። መድኃኒቱ የተገኘው ከጫካው ነው። ተመራማሪዎች በሽታው በበረታበት ቦታ ሳይታመሙ የቆሙትን ዛፎች እየፈለጉ ዘር ወሰዱ፤ በጅማ ምርምር ጣቢያ እየተከሉ ፈተኗቸው። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዘሮች ከኢሉባቦር፥ ከመቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው፤ የፊተኛው 74 የተመረጡበት ዓመት፥ 1974፥ ነው። ጫካው ባይኖር የሚመረጥ ነገር አይገኝም ነበር። ቁጥሩ፥ መዝገቡና ፈተናው ባይኖር ደግሞ ያ ጤነኛ ዛፍ እዚያው መቱ ቆሞ በቀረ፤ ለሌላው ገበሬ ባልደረሰ።

በቴፒ ግቢ ኮምፒዩተር የምትማሩ ተማሪዎች ይህን ጽሑፍ ታነቡት ይሆናል። መላውን አትናቁት፤ በሌሊት ተቀምጦ “ይቻል ይሆን?” ብሎ መሞከር ማሽኑን የመረዳት አንዱ መንገድ ነው። ሳይሞክሩ የሚሐንዱ ሰዎችም አሉና ከእነርሱ ተጠንቀቁ፤ ሃምሳ ገጽ ሰነድ፥ ሦስት ኮሚቴና ያማረ ሥዕል ያቀርባሉ፥ ፕሮግራሙ ግን የለም። እንዲህ ያለው ምሕንድስና ሳይሆን የምሕንድስና ካባ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው ፈተና አጭር ነው። ፕሮግራሙን ጽፎ የጨረሰ ልጅ ወንበሩን ለጎረቤቱ ይለቃል፤ ጎረቤቱም ጸሐፊውን ምንም ሳይጠይቅ አንድ ነገር ይለውጥበታል። ባለፈው ጊዜ ከሠላሳ ስምንት ልጆች ይህን ያለፉት አምስት ናቸው፤ አምስቱም ከክፍሉ ፈጣን ከሚባሉት ወገን አልነበሩም።

በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ደግሞ አንድ አስቸኳይ ነገር አለኝ። ዩኒኮድ ሳይለመድ በፊት በእነዚያ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች፥ ቃለ ጉባኤዎችና የሠራተኛ ማኅደሮች በአሮጌ ኮምፒዩተሮችና በዲስኮች ላይ ዛሬም አሉ። የመሬት ክርክርና የጡረታ መብት የሚታይባቸው ወረቀቶች ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ፋይሉ የተጻፈበት የፎንት ስም ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይቻላል፤ ስሙ ካልታወቀ ግን ሥራው የእንቆቅልሽ ያህል ነው። በዚህ ሳምንት ከእነዚያ ፋይሎች አንዱን ክፈቱ። የተዘራ ላቲን ሆኖ ከታያችሁ አትደምስሱት፤ በዚያ ዘመን ይጽፉ የነበሩት አንጋፋ ጸሐፊ ጡረታ ሳይወጡ ሄዳችሁ በየትኛው ፎንት ይጽፉ እንደነበር ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም በወረቀት ጽፋችሁ፥ ቀን አድርጋችሁበት፥ ከማኅደሩ ጋር አያይዙት።